የስኳር ፍሬ እኩል እንዲወጣ፦ ፓን ላይ ምን እንለካ፣ ምን እናስተካክል

ሴንትሪፊዩጅ (ፍሬውን ከሲረፑ በማሽከርከር የሚለየው ማሽን) ላይ የቆመው ሠራተኛ «ዛሬ ማሰኪቱ (የፍሬና የሲረፕ ድብልቁ) አይታጠብም» ካለ ጥፋቱን እሱ ዘንድ አትፈልጉ። ማሽኑ የሚያሽከረክረው የተሰጠውን ነው። ጥፋቱ የተፈጠረው ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ሲረፑ በቫኪዩም በሚፈላበት ድስት፣ ፓኑ ላይ፣ ምናልባትም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ይህ መመሪያ ያቺን አምስት ደቂቃ ፈልጎ ለማግኘትና እንዳትደገም ለማድረግ የሚረዳ ነው። የጻፍኩት የሸንኮራ አገዳ ስኳር ለሚያበስሉ የፓን ኦፕሬተሮች፣ የፈረቃ ኃላፊዎችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ቁጥሮቹ ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ በሦስት እርከን ለሚያበስል ፋብሪካ ይስማማሉ፤ ፍሬው ከተለየ በኋላ የሚቀረው ሲረፕ፣ ሞላሰስ፣ ወደ ቀጣዩ እርከን ይወርዳል።

ችግር ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው አዲስ መሣሪያ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቫኪዩሙና እንፋሎቱ የሚዋዥቅ ፓን ላይ ውድ መሣሪያ ብትገጥሙ የምታተርፉት የመዋዠቁን ቆንጆ ሥዕል ብቻ ነው። መጀመሪያ ፓኑን አርጉት፤ መሣሪያው ይደርሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የሙሌት ቁጥር

ቤት የተቀመጠ ማር ሲረጋ ያየ ሰው ነገሩን በግማሽ ያውቀዋል። ማሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ስኳር ይዟል፤ ስለዚህ ውሎ አድሮ ፍሬ ያወጣል። ሲረፕም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እኛ ቀን አንጠብቅም፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ በምንፈልገው መጠን፣ እኩል ፍሬ እንዲያወጣ እናስገድደዋለን።

ንጹህ ስኳር በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙሉ የሚሆነው ከ100 ኪሎ ሲረፕ ውስጥ 76.5 ኪሎ ገደማው ስኳር ሲሆን ነው። ይህም ለ1 ኪሎ ውሃ 3.25 ኪሎ ስኳር ማለት ነው። በ65 ዲግሪ 1 ኪሎ ውሃ የሚሸከመው ወደ 3.05 ኪሎ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 2.88 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ፓኑ ውስጥ ባለው ሲረፕ የሟሟውን ስኳርና የውሃውን ምጥጥን ውሰዱና በዚያው ሙቀት ላለው የሙሌት ምጥጥን አካፍሉት። የምታገኙትን «የሙሌት ቁጥር» ብለን እንጥራው። ከ1 በታች ከሆነ ፍሬ ይሟሟል። ከ1 እስከ 1.2 ገደማ ያለው ፍሬ ያድጋል፣ አዲስ አይወለድም። ከ1.2 እስከ 1.3 ነባር ፍሬ ባለበት አዲስ ፍሬ ይፈለፈላል። ከ1.3 በላይ ፍሬ ማንም ሳይጋብዘው በራሱ ይፈለፈላል። እነዚህ ለንጹህ ስኳር የሚሠሩ ቁጥሮች ናቸው። ንጽህናው (ከጠጣሩ ውስጥ የስኳሩ ድርሻ በመቶ) ዝቅ ባለ ሲረፕ ወሰኖቹ ስለሚንቀሳቀሱ የፋብሪካችሁን ወሰን በራሳችሁ መዝገብ ማግኘት አለባችሁ።

አሁን ይህን አስሉ። ሲረፑ 79 ብሪክስ (ከ100 ኪሎ ውስጥ 79 ኪሎው ጠጣር)፣ ሙቀቱ 70 ዲግሪ ነው። 79ን ለ21 ስናካፍል 3.76፣ እሱን ለ3.25 ስናካፍል 1.16 ይመጣል። ፍሬው በሰላም እያደገ ነው። ድንገት ቫኪዩሙ ጠነከረ፤ ግፊቱ ሲቀንስ መፍያው ሙቀትም ስለሚቀንስ ወደ 65 ወረደ። ብሪክሱ ያው 79 ነው ብንል እንኳ 3.76 ለ3.05 ሲካፈል 1.23 ይሆናል። ማንም ቫልቭ ሳይነካ ደህናውን ክልል አለፋችሁ። በዚያ ላይ ሙቀቱ ሲወርድ ጥቂት ውሃ ስለሚተን ብሪክሱም ትንሽ ከፍ ይላል። በነባሩ ፍሬ መሐል እንደ ዱቄት ያለ አዲስ ፍሬ ይበተናል። ፋብሪካ ውስጥ «ፎልስ ግሬን» የምንለው ይህንኑ ነው፤ እኔ እዚህ ሐሰተኛ ፍሬ እለዋለሁ።

አንደኛ፦ ቫኪዩሙን በትክክል አንብቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአገራችን ፋብሪካዎች ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። የውጭ መጽሐፍት ፓኑን «በ25 ኢንች ቫኪዩም» አብስሉ ይላሉ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ፋብሪካ ነው፤ እዚያ የአየር ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚመረትበት ወንጂ ግን ከባሕር ወለል 1,540 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ ጠቅላላው የአየር ግፊት ወደ 630 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 25 ኢንች የማይሞላ ነው። 25 ኢንች ቫኪዩም ወንጂ ላይ መጠየቅ ከባዶ በታች ባዶ እንደመጠየቅ ነው። ወደ 950 ሜትር ዝቅ የሚለው መተሐራ ላይ ደግሞ ግፊቱ 680 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቁጥሩ ሌላ ነው።

መፍትሔው ፍጹም ግፊትን፣ ማለትም ከውጭው አየር ሳይሆን ከፍጹም ባዶ ጀምሮ የሚቆጠረውን፣ ማንበብ ነው። ማሰኪቱ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ፓኑ ውስጥ ያለው ፍጹም ግፊት ከ120 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆን አለበት። በዚህ ግፊት ውሃ በ56 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቀሪው 10 ዲግሪ ያህል የሟሟው ስኳርና የማሰኪቱ ክብደት የሚጨምሩት ነው። ይህ ፍጹም ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ተራ ጌጅ 635 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይነበባል፤ ወንጂ ላይ ግን 505 ገደማ። ፍጹም ግፊት የሚለካ መሣሪያ ከሌላችሁ ባሮሜትር አንብቡና ጌጁ የሚያሳየውን ቀንሱ።

ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ተመልከቱ። ከ130 ወደ 102 ሚሊ ሜትር መውረድ፣ ከአንድ ኢንች እምብዛም የማይበልጥ ለውጥ፣ የ5 ዲግሪ ለውጥ ነው። ከላይ ያሰላነው አደጋ ይኸው ነው። ስለዚህ ለአንድ ሙሉ ብስለት በየደቂቃው አንብቡ። ሙቀቱ ከ1 ዲግሪ በላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ወደ ኮንደንሰሩ (ከፓኑ የሚወጣውን እንፋሎት አቀዝቅዞ ቫኪዩሙን የሚፈጥረው) ውሃ ሂዱ። ቫልቩ በእጅ የሚከፈት ነው? የሚገባው ውሃ ሙቀት ሌሊትና ቀን ይለያያል? አየር የሚያስገባ ጋስኬት አለ? 

አንድ ጊዜ በሠራሁበት ፋብሪካ ሐሰተኛ ፍሬ በየቀኑ ማለት ይቻላል በፈረቃ ቅያሬ ሰዓት ይመጣ ነበር። ሰውየውን ስንወቅስ ከረምን። በመጨረሻ መዝገቡን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ አዲሱ ፈረቃ እንደገባ ሁለት ፓን እኩል ያስነሳል፤ ሁለቱ እንፋሎቱን ሲስቡ ሦስተኛው ፓን ይናጋል። ያስተካከልነው በወረቀት ነው፦ የፓኖቹን መነሻ ሰዓት በአንድ ገጽ ላይ አስምረን ቢያንስ በግማሽ ሰዓት አራራቅናቸው። አንድ ብር አልወጣም።

ሁለተኛ፦ የመከታተያ ቅጽ አዘጋጁ

ለእያንዳንዱ ብስለት አንድ ገጽ ይበቃል። በየ10 ደቂቃው፣ ዘር (ለፍሬ መነሻ የሚሆን ደቃቅ ስኳር) በሚሰጥበት ሰዓት ደግሞ በየ2 ደቂቃው፣ እነዚህን መዝግቡ፦ ፍጹም ግፊት፣ የማሰኪት ሙቀት፣ የእንፋሎት ግፊት፣ ፓኑ ውስጥ ያለው የማሰኪት ከፍታ፣ ብሪክስ፣ መማሰያ ካለው የሞተሩ አምፔር፣ የሚገባው ሲረፕ ሙቀትና ብሪክስ፣ ውሃ ከተሰጠ ስንት ሰዓት ላይና ለምን። «ለምን» የሚለውን ቃል እንዳትሰርዙት። ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

መሣሪያዎቹ የሚያዩት ነገር የተለያየ መሆኑን ልብ በሉ። ፓን ላይ የሚገጠም ሪፍራክቶሜትር የሚያየው የሟሟውን ስኳር ብቻ ነው፤ ፍሬውን አያይም። ስለዚህ የሙሌት ቁጥርን ለማስላት የሚሆነው እሱ ነው። የማይክሮዌቭ መለኪያ ፍሬውንም ሲረፑንም ደምሮ ያያል፤ ማሰኪቱ ሲጠብቅ፣ ማራገፊያው ሲቃረብ ይጠቅማል። የሞተር አምፔር የማሰኪቱን ክብደትና ዝልግልግነት ይናገራል። የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለካው ደግሞ አመድ በበዛበት ቢ እና ሲ ላይ ጥሩ ሲሆን፣ ንጽህናው ከፍ ባለ ሲረፕ ላይ ደካማ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ «መሣሪያው አይሠራም» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ማጉያ መነጽር ግን ምትክ የለውም። ፓኑ አጠገብ፣ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ ተራ ማይክሮስኮፕ አስቀምጡ። ላብራቶሪ ድረስ የሚሄድ ናሙና መልሱን ይዞ ሲመጣ ፓኑ ተራግፏል።

ሦስተኛ፦ ዘሩን አስሉ፣ አትገምቱ

በደንብ የተሰጠ ዘር ማለት ፓኑ ውስጥ የሚኖረውን የፍሬ ቁጥር በሙሉ ከመጀመሪያው መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ፍሬ ሁሉ ሐሰተኛ ነው።

ዘር የሚዘጋጀው ስኳርን በአይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ በኳስ ወፍጮ በመፍጨት ነው፤ ለ1 ኪሎ ስኳር በ2 ሊትር አልኮል ገደማ ጀምሩ። አልኮል የምንጠቀመው ስኳሩን ስለማያሟሟው ነው። ሲደቅ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን መድረስ አለበት፤ በማይክሮስኮፕ አረጋግጡ። አልኮሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ወፍጮው ከእሳትና ከብልጭታ ይራቅ፤ ክዳኑም ሳይቀዘቅዝ አይከፈት።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፍሬ ክብደት ከመጠኑ ሦስተኛ እርከን ጋር ይሄዳል። ለሲ ማሰኪት 15 ቶን ፍሬ በ0.30 ሚሊ ሜትር መጠን ትፈልጋላችሁ እንበል፤ ዘሩ 10 ማይክሮን፣ ማለትም 0.01 ሚሊ ሜትር ነው። 0.01ን ለ0.30 አካፍላችሁ ውጤቱን ወደ ሦስተኛ እርከን አንሱት (ውጤቱ × ውጤቱ × ውጤቱ)፤ ከዚያም በ15,000 ኪሎ አባዙት። 0.56 ኪሎ ስኳር ይመጣል። አዎ፣ ከግማሽ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ ስኳር ነው 15 ቶን ፍሬ የሚወልደው።

አሁን ዘሩ 8 ማይክሮን ቢሆንስ? መልሱ 0.28 ኪሎ፣ ግማሹ ነው። በ2 ማይክሮን ልዩነት የምትሰጡት የፍሬ ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ክብደትም በግማሽ ያንሳል። «የትናንቱን ያህል ስጥ» የሚለው ትእዛዝ ለምን እንደሚያሳስት እዚህ ጋ ግልጽ ነው። በተግባር የተወሰነ ዘር ይሟሟል፣ የተወሰነ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ስሌቱ መነሻ ነው። ወንፊት ላይ የወጣውን መጠን እያያችሁ በሚቀጥለው ብስለት አስተካክሉ። ከመስጠታችሁ በፊት ዕቃውን በደንብ ናጡት፤ ዘሩ ታች ስለሚዘቅጥ ያልተናጠ ዕቃ ከላይ አልኮል ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ብስለቱን ምሩ

ሲረፑን አጥብቁና የሙሌት ቁጥሩ ከ1.10 እስከ 1.15 ሲደርስ ያዙት። ግፊቱም ሙቀቱም ለጥቂት ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቆየቱን ሳታዩ ዘር አትስጡ። ዘሩን በአንድ ጊዜ ስጡ። ከዚያ ያለው ሩብ ሰዓት የጥድፊያ አይደለም። ፍሬዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ የሚበሉት ስኳር ትንሽ ነው፤ እንፋሎቱን እንደልማዳችሁ ከለቀቃችሁት ውሃው ፍሬው ስኳሩን ከሚበላበት ፍጥነት በላይ ይተናል፤ የሙሌት ቁጥሩ ይዘላል። እንፋሎቱን ቀንሱ፣ ማሰኪቱ ግን መዞሩን አያቁም። ዝውውር የሌለበት ጥግ ውስጥ ፍሬዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ፍሬው በዓይን ሲታይና መስታወት ላይ ሲጣል ሲያብረቀርቅ ሲረፕ ማስገባት ትጀምራላችሁ። የሚገባው ሲረፕ ከማሰኪቱ ጥቂት ዲግሪ ይሙቅ፤ የቀዘቀዘ ሲረፕ በገባበት ቦታ ሐሰተኛ ፍሬ ያበቅላል። ሞላሰስ የምትመልሱ ከሆነ ወደ 70 ብሪክስ አቅጥኑትና እስከ 70 ወይም 75 ዲግሪ አሙቁት። በሴንትሪፊዩጅ ወንፊት ያመለጠ ደቃቅ ፍሬ ሁልጊዜ ስላለበት፣ ካልሟሟ ፓኑ ውስጥ ያልጋበዛችሁት ዘር ሆኖ ይገባል። ይህ እርምጃ ርካሽ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን የሚዘለል ነው።

ሲረፑ በጥቂት በጥቂቱ ያለማቋረጥ ይግባ። በየ20 ደቂቃው እየከፈቱ «ማጠጣት» የሙሌት ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሐሰተኛ ፍሬ ከታየ ውሃ ሰጥቶ ማሟሟት ይቻላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቶን ውሃ ከአንድ ቶን በላይ እንፋሎት መልሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ መልካሙ ፍሬም ጠርዙ ይሟሟል። መጨረሻ ላይ ኤ ማሰኪትን ወደ 92፣ ሲን ወደ 96 ብሪክስና ከዚያ በላይ አጥብቃችሁ አራግፉ።

አምስተኛ፦ ፍሬውን አንብቡ

ማይክሮስኮፕ ላይ የምታዩት ነገር የሆነውን ይነግራችኋል። በትልልቅ ፍሬ መሐል ዱቄት ካለ ቫኪዩሙ ዘሏል፣ ወይም ሲረፑ ቀዝቅዟል፣ ወይም ሞላሰሱ አልተሟሟም፤ ከቅጹ ጋር አስተያዩት። ፍሬዎች በሁለትና በሦስት ተጣብቀው ከሆነ ዘር ሲሰጥ የሙሌት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር፣ ወይም ዝውውሩ ደካማ ነው። በመጣበቂያው መሐል የቀረ ሞላሰስ በውሃ አይታጠብም፤ ስኳሩ ቀለም ይዞ ይቀራል። ጠርዙ የዶለዶመ ፍሬ ውሃ በዝቶበታል።

ፍሬው እንደ መርፌ ከረዘመ ግን ኦፕሬተሩን አትጥሩት። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የዴክስትራን ሥራ ነው። ተቃጥሎና ተቆርጦ የዋለ አገዳ ላይ ሉኮኖስቶክ የሚባል ባክቴሪያ ስኳሩን እየበላ ዴክስትራን ይሠራል፤ እሱም ሲረፑን ያዘላልጋል፣ ፍሬውንም በአንድ ወገን ብቻ እንዲያድግ ያደርጋል። መድኃኒቱ ያለው ከቆረጣ እስከ ወፍጮ ባለው ሰዓትና በወፍጮው ንጽህና ላይ ነው። የፓን ክፍል ሪፖርት ለእርሻ ክፍሉ መድረስ ያለበት ለዚህ ነው።

ለቁጥር ደግሞ ወንፊት አለ። 100 ግራም ታጥቦ የደረቀ ስኳር በተከታታይ ወንፊቶች ነፍታችሁ እያንዳንዱ ላይ የቀረውን መዝኑ፤ ከላይ ወደ ታች እየደመራችሁ 16፣ 50 እና 84 በመቶ የቀረበትን መጠን ከግራፉ አንብቡ። ለምሳሌ 0.90፣ 0.70 እና 0.50 ሚሊ ሜትር ቢወጣ፣ የ0.90 እና የ0.50 ልዩነት ግማሽ 0.20 ነው፤ ለ0.70 ሲካፈል 28.6 በመቶ። አማካይ መጠናችሁ 0.70፣ የመበታተን ቁጥራችሁ 28.6 ሆነ። ለኤ ስኳር ከ30 በታች ከሆነ ደህና ናችሁ። አማካዩ ብቻ አያታልላችሁ፤ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ዱቄት የሆነ ስኳርም ያማረ አማካይ አለው።

ስድስተኛ፦ ስኳሩ የት እንደቀረ ቁጠሩ

ከመራገፉ በፊት ትንሽ ማሰኪት ወንፊት ባለው የግፊት ማጣሪያ አጥሩና የሲረፑን ንጽህና ለኩ። የማሰኪቱ ንጽህና 84፣ የሲረፑ 68 ቢሆን ልዩነቱን 16 ለ32 (100 ሲቀነስ 68) አካፍሉ፤ ከጠጣሩ 50 በመቶው ፍሬ ሆኗል። ሲረፑ 72 ላይ ቀርቶ ቢሆን 12 ለ28፣ ወደ 43 በመቶ ብቻ ነው። በ100 ቶን ጠጣር 7 ቶን ስኳር እንደገና ለመብሰል ወደ ቢ ወረደ ማለት ነው፤ እንፋሎቱም፣ ጊዜውም፣ ቀለሙም አብሮት።

ይኸንኑ ልኬት ከሴንትሪፊዩጁ በኋላ ካለው ሞላሰስ ጋር አወዳድሩ። በሲ ላይ ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 በላይ ከሆነ ወንፊቱ ተቀዷል፣ ወይም ማጠቢያ ውሃው በዝቷል፣ ወይም ሐሰተኛ ፍሬው ሾልኳል።

ሲ ማሰኪት ከፓን ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ክሪስታላይዘር (ማሰኪቱ እየተማሰለ የሚቀዘቅዝበት ዕቃ) ውስጥ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ እየቀነሰ፣ አንድ ቀን ገደማ ፈጅቶ፣ ወደ 40 ወይም 45 ዲግሪ ይውረድ። ከማሽከርከራችሁ በፊት እንዲላላ እስከ 50፣ ቢበዛ 55 ዲግሪ አሙቁት። ከዚያ ካለፈ ቀኑን ሙሉ ያወጣችሁትን ፍሬ መልሳችሁ ታሟሙታላችሁ።

ሰባተኛ፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

አሁን መዝገብ አላችሁ። ምንም ሳትለውጡ የ10 ብስለት የመበታተን ቁጥር፣ የሲረፕ ንጽህናና የተሰጠ ውሃ ጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ለውጡና ሌላ 10 አብስሉ። ሁሉም ፈረቃ በሁለቱም ጊዜ መሳተፉን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ሰዎችን ነው። አገዳው ከተለወጠ፣ ዝናብ ከገባ፣ ፈተናውን አቁሙና እንደገና ጀምሩ።

ቅደም ተከተሉን ጠይቃችሁኝ ከሆነ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የፓኖች መነሻ ሰዓት፤ ቀጥሎ የኮንደንሰር ውሃን የሚቆጣጠር ራስ-ሰር ቫልቭ፤ ከዚያ የሲረፕና የሞላሰስ ማቅጠኛና ማሞቂያ፤ ከዚያ ዘር። ሪፍራክቶሜትሩ አምስተኛ ይመጣል። ሲመጣም በመጀመሪያው ወር ምንም ቫልቭ አትስጡት፤ ከማጉያ መነጽሩና ከኦፕሬተሩ ዓይን ጋር እያስተያያችሁ ለየትኛው ንጽህና የትኛው ቁጥር ደህና እንደሆነ በቅጹ ጀርባ ጻፉ። በሁለተኛው ወር የሲረፕ ማስገቢያውን ቫልቭ ለእሱ መስጠት ትችላላችሁ።